በኡኬሎ የቀናንበት ዘፈን

የመነጽሬ እጀታ ተሰብሮ ላስጠግን ከአቦቦ ጋምቤላ የሄድኩ ቀን ነው። ጠጋኙ «ከሰዓት ተመለስ» ስላለኝ ጊዜ ለመግፋት ገበያውን በደብዛዛ ዓይኔ እየዳሰስኩ ስዞር፣ ሰውንም ዕቃውንም በቅጡ ሳልለይ፣ የደረቀ ዓሣ ሽታ መጥቶ ፊቴ ላይ ተለጠፈ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈው ሽታ ነው። እኔ ግን ቆምኩ። ከኋላዬ የነበረች ሴት በዘንቢሏ ገፋ አድርጋኝ አለፈች፤ አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን ነፋብኝ፤ እኔ እዚያው ነኝ። ሽታው ወደ ድሮ መልሶኝ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ሸሚዜ ሰፊ ነው፣ ሱሪዬ ከሸሚዜ ይሰፋል፣ ኮፍያዬ ወደ ኋላ ዞሯል። ከቆርቆሮ በተሠራ የዓሣ መጋዘን ውስጥ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ፣ በጓደኛዬ በኡኬሎ መቅናቴን በራፕ እዘፍናለሁ።

መጋዘኑ የኡኬሎ እናት የማማ አጁሉ ነበር። ማማ አጁሉ ባሮ ዳር ከአጥማጆቹ ጀልባ ላይ ዓሣ ተቀብለው፣ ሰንጥቀው፣ ጨው ነስንሰው፣ በእንጨት ርብራብ ላይ አድርቀው የሚሸጡ ሴት ነበሩ። በዚያ ሰፈር ቤቱ ሁሉ ሣር ክዳን ሲሆን ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ የሆነው ያ መጋዘን ብቻ ነው፤ ውስጡ ገብቶ ያስነጠሰ ሰው ሌላ ሰው መልሶ ያስነጠሰበት ይመስለው ነበር። ጓደኛችን ቾል አንድ ቀን ኩንታል ሊያወርድ ገብቶ በአፉ ከበሮ ቢመታ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ተመለሰለት። ከዚያ ወዲያ መለማመጃችን እሱ ሆነ፣ የቡድናችንም ስም «ቆርቆሮ» ሆኖ ቀረ። ቀን ቀን እንደ ምድጃ ይግላል። ሽታው ደግሞ ልብስ ላይ ብቻ አይደለም፣ ፀጉር ውስጥ ገብቶ ያድራል። ታይፕ በምማርበት ማሰልጠኛ አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች፤ እኔ ስገባ መስኮት መክፈት ልማዷ ነበር። የልብስ ሳሙና ያኔ በሁለት ብር ይገኛል፤ በሁለት ብር ሳሙና የሚለቅ ሽታ ግን አልነበረም። ለስላሳ በብር ከሃምሳ እየጠጣን፣ ብስክሌት በሰዓት ተከራይተን አንዱ ሲነዳ ሌላው ከኋላ ተቀምጦ ድልድዩን እየተሻገርን፣ ሀብታም የሆንን ይመስለን ነበር። ያኔ ጋምቤላ የብስክሌት ከተማ ነው። ዛሬ ባጃጁ አያሳልፍም፤ የብስክሌት ደወል የሰማሁበትን ጊዜ ረስቼዋለሁ።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። የወሎ ልጅ ነኝ ስል ግን ወሎን የማውቀው በእናቴ ወሬ ነው። በዚያ በድርቁ ዘመን ቤተሰቤ አቦቦ ሲሰፍር የወተት ጥርሴን አልነቀልኩም። አባቴ እዚያ በቆሎና ማሽላ እያረሰ አሳደገኝ፤ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከተማ ገባሁና ቾልንና ኡኬሎን አገኘሁ። ቾል የኑዌር ልጅ ነው፤ ቁመቱ ከበር በላይ ስለሆነ የትም ቤት ሲገባ ሰላምታ የሚሰጥ ይመስላል። በቤተ ክርስቲያናቸው ኪቦርድ የሚመታው እሱ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ኪቦርዱን ለመዝሙር ብቻ ነው ብለው ቢያስጠነቅቁትም፣ ሳምንቱን ሙሉ በኩንታል ጠቅልሎ እኛ ጋ ያመጣውና እሁድ ጠዋት ይመልሰዋል። አንዳንድ እሁድ መዝሙሩ ዓሣ ዓሣ ይሸታል ይባል ነበር። ኡኬሎ ደግሞ የአኙዋ ልጅ፣ የባሮ ዳር ልጅ ነው። መካከለኛ ቁመት፣ ክብ ፊት፣ የማይቸኩል ሰው። አማርኛን ትምህርት ቤት ገብቶ ስለተማረው አንድ ዓረፍተ ነገር ከመጀመሩ በፊት መጨረሻውን የሚያስብ ይመስላል። ድምፁ ግን ከጉድጓድ የሚወጣ ነው፤ እሱ ሲናገር ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል።

የሥራ ክፍፍላችን ግልጽ ነበር። ግጥሙን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ቾል አጠገቤ ኩንታል ላይ ተቀምጦ በምቱ ይለካዋል፤ ቃል ካልገባ አውጥተን ሌላ እንፈልጋለን፤ እንሳሳቃለን። ሲያልቅ ኡኬሎ ይጠራና አዝማቹን ይይዛል። የመጀመሪያው ዝግጅታችን ላይ የዘፈንነው ስለ መብራት ነበር። በዚያ ጊዜ የከተማው መብራት ሲመሽ መጥቶ ሳይነጋ ይሄድ ስለነበር «መብራቱን ማን ወሰደው?» እያልኩ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ሰው ሁሉ ላይ ጣቴን ስቀስር ቆይቼ፣ በመጨረሻ አዝማቹን እንዲቀበለኝ ወደ ኡኬሎ ዞርኩ። ኡኬሎ አዝማቹ ጠፍቶበታል። ማይኩን ይዞ አየኝ፣ ሕዝቡን አየ፣ እንደገና አየኝ፤ ከዚያ በዚያ በጉድጓድ ድምፁ፣ ቀስ ብሎ፣ «እኔ ምን አውቄ» አለ።

አዳራሹ ፈረሰ። ሰው ወንበር ላይ ወጥቶ ይስቃል፤ አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን አውልቀው ዕንባቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ረጅም ግጥም የኡኬሎ መንደርደሪያ ሆነ። ሰው የሚጠብቀው እሱ አፉን የሚከፍትበትን ጊዜ ነው። በሳምንት ውስጥ ቃሉ ከተማውን ሞላው። ፖሊሱ ባለብስክሌቱን አስቁሞ ደወልህ የታለ ሲለው፣ እኔ ምን አውቄ። እናት ልጇን ስኳሩን ማን ጨረሰው ስትል፣ እኔ ምን አውቄ። ቢሮ ሄደህ ኃላፊው መቼ ይመጣሉ ብለህ ብትጠይቅ ጸሐፊዋ ድምፅዋን አወፍራ የምትመልስልህ ያንኑ ነው። ኡኬሎ መንገድ ላይ ሲሄድ ሻይ ይጋበዛል፣ ብስክሌት በነጻ ይከራያል፣ ሕፃናት ይከተሉታል። እኔና ቾል ከኋላው እንሄዳለን። ከእሱ ጋር ካልሆንን ደግሞ የባሰ ነው፤ ገና ሰላም ሳይሉን «ኡኬሎስ?» ነው ጥያቄው። አልዋሽም፣ ይቆጠቁጥ ነበር። ሠላሳ መስመር ግጥም ስትጽፍ ሰንብተህ በሦስት ቃል ስትሸነፍ ይቆጠቁጣል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቾል ኪቦርዱን እየጠቀለለ፣ ይሄን ነገር በሆዳችን ይዘን ከምንታመምበት ብንዘፍነው ይሻላል አለ። እዚያው ቁጭ ብለን ጀመርነው። ከጻፍኩት ሁሉ ቶሎ ያለቀው ያ ነው፤ ቅናት ቃል አያሳጣም። ዛሬም ከነምቱ ይመጣልኛል፦

ግጥሙን የጻፍኩት እኔ፣ ምቱን የመታው ቾል፣
ጭብጨባው ግን ሁልጊዜ ኡኬሎ ቤት ይገባል።
ሐኪም ቤት ሄጄ ታምሜ፣ ወባ አንዘፍዝፎኝ፣
ሐኪሙ ደሜን ሳያይ «ኡኬሎስ?» አለኝ።
ስንት ወር የለመንኳት ልጅ እሺ ብላ መጣች፣
ወንበር ስስብላት አይታኝ፣ «ኡኬሎስ?» ብላ ወጣች።
አባቴ ከአቦቦ ድረስ በቆሎ ተሸክሞ፣
«ልጄ፣ ደህና ነህ?» ሳይለኝ «ኡኬሎስ?» አለ ቆሞ።

ያባቴ እውነት ነው። በቆሎውን ተሸክሞ መጥቶ በመጀመሪያ የጠየቀኝ ኡኬሎን ነበር። ዘፈኑን ለራሱ ለኡኬሎ አሰማነው። ከውጭ እጁን በሱሪው እየጠረገ ገብቶ በሩ ሥር ቆሞ ሰማና፣ ሳቀ፤ ሳቁ ሲያደክመው ዓሣ ኩንታል ላይ ተቀመጠ። ጥሩ ነው አለ። እኔ የት ጋ ነው የምገባው ሲለን፣ መጨረሻ ላይ፣ እኛ በአንተ ቀንተን ስንደክም ወጥተህ ያችኑ ቃልህን ትላለህ አልነው። እሺ አለ። ኡኬሎ ሁልጊዜ እሺ ይላል።

ከዚያ ያ ክፉ ሰሞን መጣ። ስሙን ማንሳት አልፈልግም፤ የነበረ ያውቀዋል፣ ያልነበረ ባያውቀውም አይጎዳም። ሰፈርና ሰፈር ተኳረፈ። ሰላምታ አጠረ። የቤት አከራዬ፣ ጥሩ ሴት ናቸው፣ ለጥቂት ጊዜ አባትህ ጋ ብትሄድ ምን ይመስልሃል አሉኝ። ቾል ወደ ማማ አጁሉ ሰፈር ሲመጣ ዋናውን መንገድ ትቶ በወንዙ ዳር ዞሮ ነበር የሚመጣው። ማማ አጁሉ ይህን አይተው ነበር፤ አንድ ቀን ቾልን ራሳቸው እጁን ይዘው በዋናው መንገድ፣ በሰው መሐል፣ እስከ ድልድዩ ሸኙት። በዚያ መሐል ነው ወጣቱ ይቀራረብ ተብሎ በአዳራሹ ዝግጅት የተጠራውና እኛም እንድንዘፍን የተነገረን። ቾል የመብራቱን ዘፈን እንዝፈን አለ። እኔም እንደዚያ ነበር ሐሳቤ፤ አንድ የኑዌር ልጅና አንድ የሠፋሪ ልጅ በአኙዋ ልጅ ላይ የሚያላግጡበት ዘፈን በዚያ ሰሞን ምን እንደሚመስል ለመገመት ብልህ መሆን አያስፈልግም። «አይሆንም፣ የእኔን ዝፈኑ» ያለው ኡኬሎ ነው። ለምን ስንለው ሰው የሚወደው እንዲህ ያለውን ዘፈን ነው አለ። በቃ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ግን ማንም ሳያዝ ሰው በየሰፈሩ ተከፍሎ ተቀምጧል። መሐሉ ላይ ባዶ ወንበሮች ነበሩ። ማማ አጁሉ ከፊት፣ አዲስ ሻሻቸውን አስረው፣ ከልጃቸው ከአሪየት ጋር ተቀምጠዋል። ጀመርኩ። ሐኪም ቤቱ ላይ ደረስኩ፣ ማንም አልሳቀም። ወንበር የሳብኩላት ልጅ ላይ ደረስኩ፣ የሰው ሳል ይሰማል። ይህን ጊዜ የኡኬሎ አጎት ተነሱ። ሰፈራቸው የሚያከብራቸው ትልቅ ሰው ናቸው። «ልጃችን ምን አድርጓችሁ ነው?» አሉ። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ከኋላቸው ወጣቶች ተነሱ፣ ከወዲያኛው ወገንም ተነሱ። ቾል እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ፤ የኪቦርዱ ምት ግን አንዴ ተከፍቷልና ማንም ሳይነካው ዱም ታክ፣ ዱም ታክ እያለ ይመታል። ሮጬ ብወጣ በየትኛው በር እንደምወጣ እያሰብኩ ነበር።

ኡኬሎ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣ። ሲራመድ እንደ ልማዱ አይቸኩልም። አጠገቤ ደርሶ ማይኩን ከእጄ ወሰደ፤ እጁ በረዶ ነበር። አጎቱን አየ፣ ወዲያኛውንም ወገን አየ። ሁላችንም ያችን ቃል ይላል ብለን ስንጠብቅ፣ በዚያው በሚመታው ምት ላይ፣ ማንም ያልጻፈለትን ግጥም ጀመረ፦

ሦስት ቃል ብቻ ሰጡኝ፤ አራተኛ ብለምን
ከለከሉኝ። ታዲያ የሚቀኑብኝ ለምን?
እነሱ ይጽፋሉ፣ እኔ በር ላይ እቆማለሁ፣
ሲጨርሱ «ና» ይሉኛል፣ መጥቼ እላለሁ፦

እና ዝም አለ። ምቱ ብቻ ይመታል። መጀመሪያ የሳቁት ማማ አጁሉ ናቸው። አማርኛው ብዙም አይገባቸውም፤ የልጃቸው ፊት ግን ገብቷቸዋል። የእሳቸውን ሳቅ አሪየት ተቀበለች፣ ከእሷ ቀጥሎ ማን እንደሳቀ አላውቅም። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ፣ ወዲህም ወዲያም፣ በአንድ አፍ «እኔ ምን አውቄ!» አለ። አጎትየው አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ተቀመጡ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ዘፈን ክፉ ቀን አያስቀርም፤ ክፉው ቀን ከዚያም በኋላ መጥቷል፣ ማን እንዳጣ ማን እንደቀረ እዚህ አልዘረዝርም። ያን ከሰዓት በኋላ ግን ሰው ከአዳራሹ ሲወጣ በየሰፈሩ ሳይሆን ተደባልቆ፣ እየተገፋፋ፣ አንዱ የሌላውን ድምፅ እየቀዳ ነበር የወጣው። እኔም በዓይኔ አይቻለሁ።

ያን ዝግጅት በቴፕ የቀዳ ሰው ነበርና ካሴቱ ከካሴት እየተገለበጠ አገር አዳረሰ። በየሻይ ቤቱ፣ ጎሬና መቱ ድረስ በሚመላለሱት አውቶቡሶች ውስጥ ይሰማ ነበር። ኋላ ከአዲስ አበባ አንድ ካሴት አሳታሚ መጣ። ጥቁር መነጽር፣ የቆዳ ጃኬት በዚያ ሙቀት። ማማ አጁሉ የጠበሱለትን ዓሣ በላ፣ እጁን ታጠበ፣ ከዚያ እሱን ብቻ ነው የምፈልገው አለ። ሦስታችንም እዚያው ተቀምጠናል። ኡኬሎ ካለነሱ አልሄድም ሲል ሰውየው ሳቀ፤ እኔና ቾል ግን መጋዘኑ ውስጥ ወስደን ለመንነው። ቾል «አንተ ሂድ፣ እኛ በራዲዮ እንሰማሃለን» አለው። በቀጣዩ ሳምንት መናኸሪያ ሸኘነው። አዲስ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ እናቱ በጋዜጣ የጠቀለሉለትን የደረቀ ዓሣ ታቅፏል። አውቶቡሱ ተነስቶ አቧራው እስኪወርድ ቆምን። ስንመለስ ሻይ ቤት ገባንና አስተናጋጁ ሦስት ብርጭቆ አመጣልን።

አንድ ካሴት አወጣ። ሁለት ዘፈን በራዲዮ ሰማን። ሌላ ሰው በጻፈለት ግጥም ቀልዱ እንደ እሱ አልሆነም፤ ሆቴል ይዘፍናል ተባለ፣ ኋላ ዝም አለ። ቾልም በእርዳታ ድርጅት ሥራ አግኝቶ ከሱዳን ከመጡት ስደተኞች ጋር ሲመላለስ ቆይቶ ድንበር ተሻገረ፤ መጀመሪያ በሰው ሰላምታ ይልክ ነበር፣ አሁን የት እንዳለ አላውቅም። እኔ ወደ አቦቦ ተመለስኩ። የአልዌሮ ግድብ ውሃ ወደ ሩዝ እርሻው የሚሄድበትን ቦይ መዝጊያ የምከፍትና የምዘጋ ሠራተኛ ነኝ። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ልጆቼ ወጡ፣ ባለቤቴ የልጅ ልጅ ልታሳድግ ጅማ ከሄደች ሰነበተች። ብዙ ጊዜ የማወራው ከውሃው ጋር ነው። ከተማ ስወጣ ድሮ ሰው ያስቆመኝና «ኡኬሎስ?» ይለኝ ነበር፤ ምንም ሳላውቅ ደህና ነው፣ ሰላም ብሏችኋል እል ነበር። እየዋለ ሲያድር የሚጠይቀኝ ሰው አነሰ። በመጨረሻ የጠየቀኝ ማን እንደነበር እንኳ አላስታውስም፤ መጨረሻው መሆኑን ባውቅ ልብ እለው ነበር።

እንግዲህ ባለፈው፣ ገበያ መሐል፣ በዚያ ሽታ ተይዤ በቆምኩበት «ሰይድ? አቦቦ ሰይድ?» የሚል የሴት ድምፅ ጠራኝ። ጠጋ ብዬ ሳይ ከዓሣው ክምር ጀርባ የተቀመጠችው አሪየት ናት። ፀጉሯ መሐል ነጭ ገብቷል፤ ጥቁር ሻሽ አስራለች። ሻሹን አይቼ ከመጠየቄ በፊት ነገረችኝ።

«ማማ የለችም። ከቀበርናት ወር ሊሆን ነው። አልሰማህም?»

«ማን ይነግረኛል አሪየት?»

«እኔም ቁጥርህ የለኝም» አለች። ቀጥላም ኡኬሎ ለቀብር መጥቶ እንዳለና በማግስቱ እንደሚመለስ ነገረችኝ። የማውቀው ቤት ነው፤ በዚያ ቤት ስንት ዓመት በልቻለሁ። እናቱ ሞተው፣ ተለቅሶላቸው፣ ተቀብረው፣ እኔ ከዚህ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ የቦይ መዝጊያ ስከፍትና ስዘጋ ነበርኩ። መርዶ የሚደርስህ እኮ በሆነ ሰው በኩል ነው፤ ያ በመሐል ያለው ሰው ከሌለ ለቅሶ እንኳ አልፎህ ይሄዳል። አሪየት ዓሣውን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ ተነሳች፤ ባጃጅ ይዘን ሄድን።

ግቢው ተለውጧል። መጋዘኑ የነበረበት ላይ ሙዝ ተተክሏል። ለቅሶው ቀዝቅዞ ጥቂት ጎረቤቶች ብቻ ማንጎው ሥር በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል፤ ከመሐላቸው ኡኬሎ የትኛው እንደሆነ መነጽር ስለሌለኝ አልለየሁም። ቆሜ አላህ ያጽናችሁ አልኩ። «አሜን» የሚለው ድምፅ ከጉድጓድ ሲወጣ ወንበሩን አወቅሁት። ሄጄ አቀፍኩት፤ ሁለታችንም አለቀስን። እሱ ለእናቱ ነው የሚያለቅሰው፤ እኔ ለእሳቸውም ለሌላም ነበር። ሻይ የምታድል ወጣት ሴት ሁለታችንንም ደጋግማ አየችንና አሪየትን በጆሮዋ ጠየቀቻት። አሪየት ወንድሜ ነው፣ ይሄ ደግሞ ጓደኛው ነው አለቻት። ልጅቷ እሺ ብላ ሻዩን ቀዳች። ሌላ የጠየቀችው ነገር የለም።

ብዙ ሰዓት ተቀመጥን። ሆቴሎቹ ሙዚቃውን በማሽን ማጫወት ሲጀምሩ ዘፋኝ መቅጠር እንደተዉና እሱም አሁን የሕንፃ ዕቃ የሚከማችበት መጋዘን ዘበኛ መሆኑን ነገረኝ። ትዳሩ አልሰመረም። አማርኛው ከእኔ የተሻለ ሆኗል፤ ግን አሁንም ቃሉን አስቦ ነው የሚያወጣው። እኔም ስለ ውሃው ነገርኩት። ያኔ እንዴት እንቀናብህ ነበር አልኩት፣ ለመሳቅ ያህል። አልሳቀም።

«አዳራሹ ውስጥ ያልኩት ትዝ ይልሃል? በር ላይ እቆማለሁ ያልኩት።»

«እንዴት አይለኝም።»

«ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አንተም ሳቅህ። እኔ እኮ እውነቴን ነበር። እናንተ ውስጥ ስትጽፉ እኔ ውጭ ከማማ ጋር ዓሣ እገለብጥ ነበር። ሳቃችሁን እሰማለሁ፤ ምን እንዳሳቃችሁ ግን አላውቅም። ከተማው በሙሉ እኔን ያውቃል። እናንተ ግን እርስ በርሳችሁ ትተዋወቃላችሁ። በዚያ እቀና ነበር።»

«በሩ እኮ ክፍት ነበር ኡኬሎ።»

«ክፍት ነበር። ማንም ውጣ አላለኝም፤ ግባም ያለኝ የለም።» ማንጎ ቅጠል ከጉልበቱ ላይ አነሳ። «አዲስ አበባም እንደዚያው ነው። በር ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ አሁን ደግሞ ደመወዝ ይከፈለኛል።»

ይህን ሲል ፈገግ ያለ መሰለኝ፤ ፊቱን ግን በደንብ አላየሁትም። እኔ በእሱ ስቀና፣ እሱ በእኛ ሲቀና፣ ከሦስታችን ያልተቀናበት ማንም እንዳልነበረ ዓመታት ሁሉ ካለፉ በኋላ መስማት እንዴት እንደሚያደርግ ልናገር አልችልም። ደስ የሚልም ነበረው። ብቻውን የቀረ የመሰለው አንዱ ብቻ አልነበረም ማለት ነውና። አሪየት ያላትን የቾልን የድሮ ቁጥር ሞከርን፤ አንዲት ሴት በማናውቀው ቋንቋ አነሳች፣ ቾል፣ ቾል ብንላት ደጋግማ የሆነ ነገር ተናገረችና ዘጋችው። ያኔ ብቻ አብረን ሳቅን።

የአቦቦ መኪና ሳያመልጠኝ መነሳት ነበረብኝ። ኡኬሎ ሸኘኝ። በመንገዳችን መነጽሬን ተቀብዬ አደረግኩና ዘወር ብዬ አየሁት። ክቡ ፊት ከስቷል፣ ጢሙ ሽበት ነው፣ ሁለት የፊት ጥርሱ የለም። እሱም መነጽር አድርጌ ሲያየኝ ያንኑ ያህል ጊዜ ወሰደበት። መኪናው ተራ ድረስ በመሐል ከተማ፣ በገበያው ዳር፣ በሻይ ቤቶቹ ፊት ሁለታችን ጎን ለጎን ሄድን። ማንም ዘወር ብሎ አላየንም። ተሳፈርኩ፣ ስልክ ተለዋወጥን፣ መኪናው ሄደ።

በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቦዩ ዳር ተቀምጬ ደወልኩለት። ደረስክ ወይ አልኩት፤ ደርሻለሁ አለ። መንገዱስ አልኩ፤ አቧራ ነው አለ። እዚያ ዝናብ አለ ወይ አለኝ፤ ደመናው መጥቷል፣ ገና ነው አልኩት። ከእሱ ወገን ብረት ከመኪና ሲወርድ ይሰማኛል፣ ከእኔ ወገን መዝጊያው ሥር የሚንፎለፎለው ውሃ ይሰማዋል መሰለኝ። ደህና ሁን አላለኝም፤ እኔም አላልኩትም። ትንሽ ቆይቶ «ውሃ ነው?» አለ። «ውሃ ነው» አልኩት። እንዲሁ ዝም ብለን፣ እሱ ውሃውን እኔ ብረቱን እየሰማን፣ ካርዱ እስኪያልቅ ቆየን።